ወርቅ በወጣበት ከተማ መሬት ልያዝ ወይስ ይቅርብኝ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ወርቅ በ2017 በጀት ዓመት ቡናን በልጦ የአገሪቱ ትልቁ የወጪ ንግድ ገቢ ምንጭ ሆነ ከተባለ ወዲህ ደብዳቤዎቻችሁ መልካቸውን ቀይረዋል። ድሮ የኮንዶሚኒየም ጥያቄ ነበር የሚበዛው። አሁን አሶሳ፣ ሻኪሶ፣ ክብረ መንግሥት፣ ጊምቢ ነው። ዛሬ ሦስቱን መርጫለሁ። የመጀመሪያው ላይ ረዘም ብዬ እቆያለሁ፣ ብር ሊፈስ የተቃረበው እዚያ ነውና።

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ ይሁን። ያለሁት አሶሳ ነው፣ የግንባታ ዕቃ እሸጣለሁ። እህቴ ዱባይ ስምንት ዓመት ሰርታ ያጠራቀመችው ብር አለ፤ አንድ ነገር ላይ አውልልኝ እያለችኝ ነው። ኩርሙክ በኩል የወርቅ ማዕድኑ ግንባታ ከተጀመረ ወዲህ ሰው በሰው ላይ ሆኗል፣ አልጋ አይገኝም፣ ሹፌሩ ጋቢናው ውስጥ ያድራል። አንድ ደላላ ከመንገድ ዳር 2,000 ካሬ የአርሶ አደር መሬት አገኘልኝ። በመንደር ውል እንጨርስ፣ ሦስት ሽማግሌ ይፈርማል፣ ከተማው ሲሰፋ ካርታ ይወጣለታል ይለኛል። 20 ክፍል ሰርቼ ለሠራተኞች ላከራይ አስቤአለሁ። ቶሎ ካልወሰንክ ሌላ ሰው ይወስደዋል እያለ እያጣደፈኝ ነው። ምን ትሉኛላችሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ዛሬውኑ ደውልለትና «ሌላ ሰው ይውሰደው» በለው። አትፍራ። የሚያጣድፍ ደላላ ነገም ሌላ መሬት ይዞልህ ይመጣል።

አሁን ምክንያቱን ልንገርህ። መሬት የማይሸጥ የማይለወጥ መሆኑን ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ አስቀምጦታል። ገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ነው። ሊያከራይህ ይችላል፣ በሕጉ ልክ። ሊሸጥልህ ግን አይችልም፣ ሦስት ሽማግሌ ቀርቶ ሰላሳ ቢፈርምበት። ውሉ ፍርድ ቤት ቢደርስ ፈራሽ ነው። የምትፈራው ፍርድ ቤቱን ብቻ ቢሆን ደግሞ ጥሩ ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ የገበሬው ልጅ አድጎ «አባቴ የሸጠው እኔን ሳያማክር ነው» ብሎ ይመጣል። አጎትየው ይመጣል። ሚስትየው «እኔ መች ፈረምኩ» ትላለች፣ እውነቷንም ነው።

ሁለተኛው ነገር፣ እርሻ ላይ ቤት ብትሰራ የምትሰራው ጨረቃ ቤት ነው። ብሎኬት ይሁን ጭቃ ለውጥ የለውም። ዶዘር የመጣ ቀን ካሳ የሚከፈለው ሕጋዊ ባለይዞታ ነው፤ በ2011 የወጣው የካሳ አዋጅ ቁጥር 1161 የሚያውቀው እሱን ነው። የመንደር ውል ይዘህ ብትቆም ማንም አያይህም። ምናልባት ገበሬው ለመሬቱ ካሳ ይቀበላል፣ አንተ የፈረሰ ብሎኬትህን ትለቅማለህ። ይሄን በዓይኔ አይቻለሁ፣ የት እንደሆነ ባልናገር ይሻላል።

«ከተማው ሲሰፋ ካርታ ይወጣለታል» የምትለዋ ቃል ስንት ሰው ጉድ እንዳደረገች ብታውቅ። ከተማ ሲሰፋ መሬቱ መጀመሪያ ከገበሬው በካሳ ወደ ከተማ አስተዳደር ይገባል፣ ከዚያ በፕላን ተሸንሽኖ በሊዝ ይወጣል። አንተ በየትኛው በኩል እንደምትገባ ደላላውን ጠይቀው። አይመልስልህም።

ሌላም አለ፤ ማዕድን ያለበት አካባቢ ብቻ የሚመጣ ጣጣ ነው። መሬቱ የፈቃድ ክልል ውስጥ ሊሆን ይችላል። ኩባንያው ዛሬ የሚቆፍረው ዲሽ ተራራና አሻሽሬ ላይ ነው፣ የፍለጋ ፈቃድ ግን ከጉድጓዱ በጣም የሰፋ ነው የሚሆነው። የማዕድን ሚኒስቴር የፈቃድ ካርታ አለው፣ የቦታህን መጋጠሚያ በጂፒኤስ ይዘህ መጠየቅ ትችላለህ። አንድ ቀን ያስከፍልሃል፣ አንድ ቤት ያድንሃል።

ታዲያ ምን ላድርግ ካልከኝ፣ ከመሬቱ በፊት አልጋው ላይ ማን እንደሚተኛ እናውራ። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው።

ትልልቅ የወርቅ ማዕድኖች የራሳቸውን ካምፕ ይሰራሉ። ኢንጂነሩ፣ ጂኦሎጂስቱ፣ የፋብሪካው ኦፕሬተር አጥሩ ውስጥ ይተኛል፣ አጥሩ ውስጥ ይበላል፣ ሳምንታት ሰርቶ ከአሶሳ በአውሮፕላን ወደ ቤቱ ይሄዳል። ያ ሰው ደንበኛህ አይሆንም። ደንበኛህ ሰብ ኮንትራክተሩ ያመጣው ብየዳ ሠራተኛ ነው፤ የሲሚንቶና የነዳጅ ሹፌር ነው፤ ጥበቃው፣ የቀን ሠራተኛው፣ ወርቅ ገዢው፣ ስልክ ጠጋኙ። እንግዲህ ልብ በል፣ ግንባታ ላይ ያለ ማዕድን ወርቅ ማምረት ከጀመረው ይልቅ ብዙ ሰው ይይዛል። አሁን የምታየው ሰው በሰው ላይ የሆነ ከተማ የግንባታ ከተማ ነው። ፋብሪካው ተሰርቶ ሲያልቅና የድንጋይ ወፍጮው መዞር ሲጀምር በያጁ፣ አናጺው፣ ብረት አሳሪው ሻንጣውን ይዞ ወደሚቀጥለው ፕሮጀክት ይሄዳል። አንተ ዛሬ መሬት ፈልገህ፣ ፈቃድ አውጥተህ፣ ሰርተህ እስክትጨርስ ምን ያህል ሰው እንደሚቀር አስበው።

ኩርሙክ ደግሞ የድንበር ከተማ መሆኑን አትርሳ። ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ የሱዳንን ጦርነት የሸሸ ሰው ከገባባቸው በሮች አንዱ እሱ ነው። የአልጋው መጥፋት የማዕድኑ ብቻ አይደለም፤ ዕርዳታ ድርጅት አለ፣ ነጋዴ አለ። ያ ፍላጎት መቼ እንደሚቀንስ የሚያውቅ የለም። ጠመንጃ የሚወስነውን ነገር አንተ በኪራይ ልታሰላው አትችልም።

እስቲ በቁጥር እንየው። እንበል 20 ክፍሉ ሁሉም ነገር ተደምሮ 6 ሚሊዮን ብር ፈጀ። አንዱን ክፍል በወር 5,000 ብር አከራየኸው እንበል። ሁሉም ከሞላ በወር 100,000 ብር ነው፤ ብርህ በ5 ዓመት ይመለሳል። ግማሹ ብቻ ከሞላ 10 ዓመት። ለማዕድኑ የተሰላለት ዕድሜ ደግሞ ከ10 ዓመት ብዙም የራቀ አይደለም። ውሃ፣ ጥበቃ፣ ግብር፣ የሚሰበር ቧንቧ ገና አልገባም። የእህትህ 8 ዓመት ነው እዚህ ሂሳብ ውስጥ ያለው፣ እሱን እያሰብክ ደምረው።

እኔ አንተን ብሆን መሬት አልይዝም ነበር፣ ለመጀመሪያው ሁለት ዓመት። አሶሳ ወይም ኩርሙክ ከተማ ውስጥ ካርታ ያለው፣ ግቢው ሰፊ የሆነ ሰው ፈልግ። ጀርባ ቤት ለመስራት ብር ያጣ ብዙ ባለካርታ አለ። አንተ ትሰራለህ፣ የግንባታ ፈቃዱ በሱ ስም ይወጣል፣ ኪራዩን ለተወሰነ ዓመት አንተ ትሰበስባለህ፣ ከዚያ ቤቱ ለሱ ይቀራል። ውሉ የመንደር እንዳይሆን፣ ውልና ማስረጃ ሄዳችሁ ባልም ሚስትም ይፈርሙ። 6 ክፍል ሥራ። ከሞላ ሌላ 6። የግንባታ ዕቃ ሻጭ ነህ፣ ብሎኬቱ ለአንተ ከሌላው ይረክስልሃል፤ ያንን ጥቅም እርሻ ላይ አትቅበረው።

የለም የራሴ ቦታ ይኑረኝ ካልክ መንገዱ ማዘጋጃ ቤት ነው። ጨረታ መውጣቱን ጠብቅ፣ ሰነዱን ግዛ። በ2004 የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ከአዲስ አበባ ውጭ ለንግድ 70 ዓመት፣ ለመኖሪያ 99 ዓመት ነበር የሰጠው፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከጠቅላላው ዋጋ ከ10 በመቶ ማነስ የለበትም ነበር። ሕግና መመሪያ ስለሚሻሻል ስትሄድ አሁን የሚሰራበትን አሳዩኝ በል። ደግሞ ፕላኑ ላይ ቦታው ምን ተብሎ እንደተመደበ እይ። ለመኖሪያ የወጣ ቦታ ላይ አልጋ ቤት ከፍተህ በሁለተኛው ዓመት ብትታሸግ ማንንም አትውቀስ። የግንባታ ጊዜ ገደብም አለው፣ ለአነስተኛ ግንባታ 24 ወር ነበር። ቦታ ይዞ ዋጋ እስኪወጣ መጠበቅ የሚባለው ጨዋታ እዚያ አይሰራም፤ ግንባታው ግማሽ ሳይደርስ ብታስተላልፈው ትርፉ ያንተ እንዳይሆን ተደርጎ ነው አዋጁ የተጻፈው።

አሁን ስለ ቤቱ ራሱ። ይሄን ያየሁት ከዓመታት በፊት ለሥራ በሄድኩበት አንድ የወርቅ ከተማ ነው። ያደርኩበት ቤት ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ ነው፣ ኮርኒስ የለውም። አንድ ክፍል ውስጥ 8 አልጋ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቦርሳዬን ረስቼ ስመለስ ክፍሉ ባዶ መስሎኝ ነበር። ለካስ የሌሊት ፈረቃ ገብተው አልጋው ላይ ሳይሆን አልጋው ስር ሲሚንቶው ላይ ተኝተዋል። አንዱ ፎጣ ውሃ ነክሮ ፊቱ ላይ አድርጓል። ከላይ ፍራሹ ይግላል፣ ሲሚንቶው ግን ትንሽ ይቀዘቅዛል። በቀን የሚተኛ ሰው እንዳለ ቤቱን የሰራው ሰው አላሰበም። ለነገሩ አልጋውን ሁለቴ ነበር የሚያከራየው፣ ቀን ለአንዱ ማታ ለሌላው፣ አንሶላው ግን ያው አንሶላ ነው።

ኩርሙክ ቆላ ነው። ኮርኒስ አድርግ፣ ጣሪያውን ከፍ አድርገው፣ መስኮቱን በሁለት በኩል አውጣው፣ ወፍራም መጋረጃ ስቀል። ወባ አለ፣ ስለዚህ የመስኮት ወንፊትና አጎበር። በረንዳውን በዚያው አገር ቀርከሃ ብትሸፍነው ርካሽም ነው ጥላም ነው። የቀንና የሌሊት ፈረቃ ሰዎችን አንድ ክፍል አትቀላቅል። ይሄ ሁሉ ለጽድቅ ብቻ አይደለም። ከውጭ ባንክ ብድር ያለበት ፕሮጀክት ሰብ ኮንትራክተሩን የሠራተኛህን መኝታ አሳየኝ ይለዋል። አይኤፍሲ የሚባለው የዓለም ባንክ ቡድን ተቋምና የአውሮፓ የመልሶ ግንባታና ልማት ባንክ በ2009 እ.ኤ.አ. ያወጡት መመሪያ አለ። በአልጋና በአልጋ መሃል ቢያንስ 1 ሜትር ይላል፣ በአንድ ክፍል ከ8 ሰው አይብለጥ ይላል፣ ለ15 ሰው ቢያንስ አንድ ሽንት ቤት ይላል። በዚህ ልክ ከሰራህ አንድ ኮንትራክተር ስድስቱንም ክፍል በአንድ ውል ለዓመት ሊይዝልህ ይችላል። በየአልጋው ከመለቀም በብዙ ይሻላል።

ውሃን ረስቼው ነበር፣ እሱ ዋናው ነው። እዚያ ባደርኩበት ከተማ በዕድሜ የምትበልጠን አንዲት እትዬ ነበረች፣ አልጋዋ አራት ብቻ። ግን ሁለት ሮቶ ነበራት፣ ቦቴ በሳምንት ሁለቴ ይሞላላታል። ሻወር ለሚፈልግ ለብቻው ታስከፍላለች፣ ማታ ሽሮ ትሰራለች፣ የስልክ ቻርጅ አላት። «ከአልጋው የማገኘው ለሮቶው ማጠቢያም አይበቃኝ» ትል ነበር እየሳቀች። ግቢዋ ውስጥ መኪና ያሳደረ ሹፌር ሁሉ እሷ ጋ ይበላል። ባለ ስምንት አልጋው ሰውዬ ከሷ ተበድሮ ነበር ውሃ የሚያስቀዳው።

ጥያቄ፦ የምንኖረው ሻኪሶ አቅራቢያ ነው። አባቴ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። መሬታችን ከከተማው ጫፍ ላይ ነው፣ ግማሹ ቡና ነው። አንድ ኮንትራክተር ለሠራተኞቹ የኮንቴይነር ቤት ሊያስቀምጥ ለአስር ዓመት አከራዩኝ ብሎ የአስር ዓመቱን ባንድ ጊዜ በጥሬው ልስጣችሁ አለ። አባቴ ሊፈርሙ ነው። እኔ ልቤ አልፈቀደም።

መልስ፦ ልብህ ትክክል ነው፣ ግን አባትህን በቁጣ አታስቁማቸው። ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። መሬት ማከራየት ወንጀል አይደለም። በ2016 የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 1324 ባለይዞታው እንዲያከራይ ይፈቅዳል። ለስንት ዓመትና ለምን ዓይነት አገልግሎት እንደሚቻል ግን ወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ከተፈቀደው በላይ የተጻፈ ዓመት ወረቀት ማበላሸት ነው። ከእርሻ ወደ መኖሪያ የአጠቃቀም ለውጥ ነውና እሱም የራሱ ፈቃድ አለው። ውሉ እዚያው ይመዝገብ፤ እናትህ በሕይወት ካሉና ስማቸው ደብተሩ ላይ ካለ እሳቸውም ይፈርሙ።

የአስር ዓመቱን ባንድ ጊዜ መቀበል ላይ ግን ጠንከር ብዬ እቃወማለሁ። ብር ባለፉት ዓመታት ምን እንደሆነ ገበያ የሚወጣ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሐምሌ 2016 የምንዛሪው ገበያ ሲለቀቅ ዶላር በጥቂት ወር ውስጥ ከእጥፍ በላይ ወጣ። ዛሬ ብዙ የሚመስለው ብር በስድስተኛው ዓመት የዘይት መግዣ ነው። በየዓመቱ ይክፈል፣ በየሁለት ዓመቱ ይሻሻል፣ ሁለቱን ነገር ውሉ ላይ አስገቡ።

ቡናውን አታስነቅሉ። በፍጹም። የተነቀለ ቡና ተተክሎ ለፍሬ እስኪበቃ ሦስት አራት ዓመት ነው፣ ያውም የጉጂ ቡና፣ ገዢ እየፈለገ የሚመጣለት። ባዶውን ክፍል ብቻ ስጡት።

ማዕድን የሚቆም ነገር መሆኑን ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። እዚያው እናንተ ጋ ያለው የለገደምቢ ወርቅ ማዕድን በ2010 ነዋሪው በጤናና በአካባቢ ጉዳት ቅሬታ ወጥቶ ፈቃዱ ሲታገድ ለሦስት ዓመት ያህል ቆሟል። እንዲያ ቢሆን ኮንትራክተሩ ኮንቴይነሩን ጭኖ ይሄዳል፣ ወይም ጭራሽ ሳይጭን ይሄዳል። ስለዚህ ከመሄዱ በፊት ሲሚንቶውን ማን ይፈነቅላል፣ የሽንት ቤቱን ጉድጓድ ማን ይደፍናል፣ አፈሩን ማን ይመልሳል የሚለው በስም ይጻፍ፣ ለዚያም መያዣ ብር ባንክ ይቀመጥ። እምቢ ካለ ገና ሳይገባ መልቀቁን አስቧል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ኩባንያዎቹ ሠራተኛውን ካምፕ ውስጥ ዘግተው ያኖራሉ፣ ከተማው የሚያገኘው አቧራውን ብቻ ነው። ከተማ ውስጥ እንዲኖሩ የሚያስገድድ ሕግ የለም ወይ? ሻይ ቤት አለኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ የዓለም ሥራ ድርጅት በ1961 እ.ኤ.አ. ስለ ሠራተኞች መኖሪያ ያወጣው ምክረ ሐሳብ ቁጥር 115፣ አሠሪ ለሠራተኛው በቀጥታ ቤት ማቅረቡ በአጠቃላይ አይመከርም ይላል። አሠሪህ አከራይህም ከሆነ ሥራ የለቀቅክ ቀን ቤትም የለህም ማለት ነውና። ግን እዚያው ላይ የሥራ ቦታው ከከተማ ሩቅ ከሆነ ይቻላል ብሎ በር ይከፍታል፣ የማዕድን ኩባንያዎች የሚገቡት በዚያች በር ነው። ምክረ ሐሳብ ደግሞ አያስገድድም።

ስለዚህ ሰውየውን ከካምፕ ማውጣት ላይ አትድከሚ። አንቺ ወደ ካምፑ ግቢ። የካምፑን ምግብ የያዘው ተቋራጭ ዳቦ፣ እንጀራ፣ ቲማቲም፣ ሽንኩርት ከየት እንደሚያመጣ ሄደሽ ጠይቂው። ከአዲስ አበባ እያስጫነ ከሆነ መንገድ ላይ የሚበላሽበትን እሱ ያውቀዋል። ንግድ ፈቃድ፣ የግብር ከፋይ ቁጥርና ደረሰኝ ያስፈልግሻል፣ አለዚያ አይገዛሽም። ብቻሽን የማይሞላልሽ ከሆነ ከሁለት ሦስት ጎረቤት ጋር ሆናችሁ በማኅበር ግቡ፤ መጀመሪያ ግን ሃምሳ እንጀራ ይዘሽ ሂጂና አስቀምሺው።